ከሺህ የተከፈለች ሰከንድ

በሶው እንዳለ ተመለሰ። ሥራነሽ ትናንት ቆልታ፣ ፈጭታ፣ በጨው አሽታ በትንሿ ስልቻ የቋጠረችው በሶ፣ አንዲት ጭብጥ ሳይነሳለት፣ ቋጠሮው እንኳ ሳይፈታ፣ በጠዋት ከአማቷ ከእማማ ወለተ ሚካኤል ደጃፍ ተቀምጦ ተገኘ። ስንቁን ለታሰረው ልጃቸው የምታደርሰው ጎረቤት «የማን ገብስ ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ በጾም መዋሸት አልሆነልኝም» ብላ ጥላው ሄደች። አሮጊቷ ስልቻውን በእጃቸው አልነኩትም። በዘንጋቸው ጫፍ ወደ ሥራነሽ ገፋ አደረጉት፤ የሞተ አይጥ ነው የሚመስለው።

«አልነገርሁሽም? ልጄ የጣሊያን ገብስ አይበላም።»

ምን የጣሊያን ገብስ! ገብሱ የዚሁ የአነደድ አገር ገብስ ነው፤ ከአምበር ገበያ በቁና ተሰፍሮ፣ ካምናው በሦስት እጥፍ ዋጋ ተገዝቶ የመጣ። የጣሊያን የሆነው የተገዛበት ሊሬ ብቻ ነው። ሊሬውም ቢሆን በነጻ አልተሰጠም፤ ሥራነሽ ደብረ ማርቆስ ምሽግ ውስጥ ስምንት ወር ሙሉ ጎንበስ ብላ ጠርጋ ያገኘችው ነው። እህሉና ከብቱ ከተዘረፈ ወዲህ ይህ ቤት በምን እንደሚያድር አሮጊቷ አሳምረው ያውቃሉ። ያውቃሉና ከዚያው ገብስ በልተው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ ከዚያ ይረግሟታል። ለልጃቸው ለባዘዘው ግን ከድሮው ጎተራ የተጠረገ ጥቂት ገብስ ለብቻው አስቀምጠውለት ነበር። እሱም ሰኞ አለቀ።

ባዘዘው የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ባሏ ሙላት አምና በሐምሌ ጠመንጃውን አንስቶ ዱር ገባ፤ እሷ ደግሞ ምሽጉ በር ላይ ቆማ «ባሌ ሞቷል፣ መበለት ነኝ» ብላ አስመዘገበችና መጥረጊያ ተቀበለች። ምን ታድርግ? የአርበኛ ሚስት መሆኗ ቢታወቅ ቤቱ ከነአሮጊቷ ይቃጠላል፤ ከዚሁ ሰፈር ሁለት ቤት እንዲሁ ነድዷል። ባዘዘው ግን ይህን ሊሰማ አልፈለገም። «ወንድሜን በአፏ ገደለችው» አለና ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል አልተነፈሰላትም። እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል። ለምግብ ሲቀርብ እጁን ልታስታጥበው ውሃ ይዛ ብትቆም፣ ተነስቶ ራሱ ቀድቶ ይታጠባል። አንዲት ሴት በገዛ ቤቷ ውሃ ይዛ ቆማ ስትቀር ምን ያህል እንደሚያሳፍር የደረሰባት ታውቀዋለች። ስምንት ወር በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲህ ተኗኗሩ። ባለፈው ቅዳሜ ጣሊያኖች የአምበርን ገበያ ከበቡ፤ «ሽፍታ ታበላላችሁ» ብለው ስልሳ ሁለት ወንድ አፍሰው ወደ ደብረ ማርቆስ ሲነዱ፣ ጨው ሊገዛ የወጣው ባዘዘውም አብሮ ታፈሰ።

«እማማ፣ ዛሬ ተራው የሱ ነው» አለች ሥራነሽ፣ ስልቻውን ከመሬት አንስታ። «ትናንት ስሙ ሲነበብ ሰምቻለሁ። እባክዎ ጎረቤታችንን ይላኩልኝ፤ ይህችን ብቻ ትንገረው። ቃጭሉ ሲጮህ ቀድሞ አያማትብ። መጀመሪያ ቁልፏን ይጫን። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ቢያማትብ የሚከለክለው የለም።»

አሮጊቷ ዘንጋቸውን ጣሉና አማተቡ፤ ደግመውም አማተቡ።

«ኧረ በስመ አብ! ትልቁን በቁሙ ቀበርሽው፤ አሁን ደግሞ ትንሹን ልታስክጂው? ልጄ ይሞታል እንጂ መስቀሉን አይተውም። ሂጂ ወዲያ! መጥረጊያሽ ይጠብቅሻል።»

ሥራነሽ ስልቻውን ከሸማዋ ሥር በመቀነቷ አሰረችና ወጣች። እንባዋ መጣ፤ ከእልህ የመጣ እንባ ነው፣ ሌላ ነገር የለበትም። ቢቻላት ተመልሳ «እንግዲያውስ ይሂድ፣ እኔን ምን አገባኝ!» ብትል በወደደች። ግን የባሏ ወንድም ነው። ሙላት ከዱር ሲመለስ «ወንድሜስ?» ብሎ የሚጠይቀው እናቱን አይደለም፤ እሷን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምሽጉ ውስጥ አንድ ካፒቴን አለ፤ መድፍ አይተኩስ፣ ሐኪም አይደለ። በአገሩ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነበር ይላሉ። ከባሕር ማዶ ሲመጣ ከዕቃው ሁሉ አስበልጦ አንዲት የእንጨት ሣጥን በጭድ አስሞልቶ ይዞ መጣ። መንገድ ላይ አንድ የጭነት በቅሎ ገደል ሲገባ «ሣጥኗ ደህና ናት?» ብሎ ጠየቀ እንጂ ከበቅሎው ጋር ስለገባው ሰው አንዲት ቃል አላነሳም። ሣጥኗ ውስጥ ያለችው በዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ቤተ ሙከራ የነበረች የኤሌክትሪክ ሰዓት ቆጣሪ ናት። ካፒቴኑ ሳይወለድ የተሠራች፣ ናሷ የወየበ፣ ከግርጌዋ የቤተ ሙከራው ቁጥር የተለጠፈባት አሮጊት መሣሪያ። በመስተዋት ቤት ተቀምጣለች፤ እንደ ሰዓት ያሉ ሁለት ፊቶች አሏት፤ በሁለት ሽቦ ከጥቁር የባትሪ ሣጥን ጋር ተያይዛለች። ስትጠመዘዝ እንደ ተቆጣ ንብ ዝዝ ትላለች። ሰው ፊት ለፊቷ ይቀመጣል። ጎኗ ያለችው ቃጭል ስትጮህ በዚያችው ቅጽበት መርፌዋ መሮጥ ትጀምራለች፤ ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ቁልፍ በቀኝ እጁ ሲጫን መርፌዋ ቀጥ ትላለች። በቃጭሉና በእጁ መካከል ስንት እንዳለፈ መርፌዋ ትናገራለች። አንዷን ሰከንድ ከሺህ ትከፍላታለች፤ አቤት ሥራ መፍታት!

ካፒቴኑ የዚህን አገር ሰው ነርቭ ሊለካ ነው የመጣው። ምሽጉ ደግሞ ልኩን ለራሱ ጉዳይ አዋለው። በታችኛው ፊት ላይ ግማሽ ሰከንድ የምታሳይ ቀይ መስመር ተሰመረች። መርፌዋ ከቀይዋ በታች የቆመችለት እስረኛ እጁ ቀልጣፋ ነው ተብሎ እዚሁ ደብረ ማርቆስ መኪና ማደሻው ውስጥ ይሠራል፤ በየቀኑ ቤተሰቡ ስንቅ ያደርስለታል፤ በዓመቱ ይፈታል ይባላል። ከቀይዋ ያለፈችበት ዓባይ በረሃ ወርዶ ለመንገዱ ድንጋይ ይፈልጣል። በታኅሣሥ ከወረዱት አርባ ሰዎች ንዳዱ ምሮ የመለሳቸው ሰባቱን ነው፤ እነሱም ዛሬ በሰው ትከሻ ተደግፈው ነው የሚሄዱት።

አሁን እንግዲህ ተመልከቱ። የጎጃም ሰው ከተወለደ ጀምሮ ቃጭል የሰማው በቅዳሴ ነው። ቃጭል ሲሰማ ቀኝ እጁ ወዴት እንደሚሄድ አይታዘዝም፣ ራሱ ይሄዳል። ግንባር፣ ደረት፣ ግራ ትከሻ፣ ቀኝ ትከሻ። ከዚያ በኋላ ነው ቁልፍ ያለው። የመጀመሪያው ቀን፣ ትናንት፣ ሠላሳ ሰው ገባ፤ ሃያ ስምንቱ አማተቡ። ከቀይዋ መስመር በታች የቆመችላቸው ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ሙስሊም የጨው ነጋዴ ነው። ሌላው ቀኝ ክንዱ በጥይት ተሰብሮ የታሰረ፣ በግራው የተጫነ ምስኪን ነው፤ ማማተብ አቅቶት ዳነ። ሥራነሽ ጥግ ቆማ ይህን ሁሉ አየች። ሥራዋ ከመጥረግ ሌላ ሁለት ነገር ነበር፤ ከበሩ ውጭ እስረኞቹን በሳሙና እጅ ማስታጠብ፣ ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ ደግሞ ቁልፏን በአልኮል፣ በስፒርቶ፣ መወልወል። ካፒቴኑ በጣም ይጸየፋል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አላስቻላትምና የካፒቴኑን አስተርጓሚ፣ ቱርጁማኑን፣ ጠየቀችው። እንዳላማው ይባላል፤ ከወዲያ ከደብረ ወርቅ በኩል የመጣ፣ ዳዊት የደገመ፣ ኋላ ከነጋዴዎች ጋር ምጽዋ ወርዶ ጣሊያንኛ የለመደ ሰው ነው። ምሽጉ ውስጥ ያለ አበሻ ሁሉ ከካፒቴኑ ይልቅ እሱን ይፈራል።

«ጌታዬ፣ ሰዎቹ እኮ ዘግይተው አይደለም፤ እያማተቡ ነው። ለካፒቴኑ ቢነግሩልን።»

«መቼ ቀረሁ? ነግሬዋለሁ» አለ እንዳላማው፣ ሲጋራውን እየለኮሰ። «ሳቀ። መሣሪያዋ ምክንያት አትጠይቅም፤ የዘገየ ዘገየ ነው፣ ብሎ ጻፈ።» ከዚያ ዓይኑን አጥብቦ ቁልቁል አያት። «አንቺ ደግሞ ስሚ። ይህች ነገር ከዚህ ክፍል ከወጣች በማን አፍ እንደወጣች አላጣውም። ከካፒቴኑና ከኔ ሌላ እዚህ የምትቆሚው አንቺ ነሽ።»

ሥራነሽ ሌሊቱን ያደረችው ይህን ስታመነዥክ ነው። ማወቅስ አውቀው ኖሯል! ባያውቁ ኖሮ ግድ የለም፣ የፈረንጅ ነገር ነው ብላ ትተወው ነበር። ካፒቴኑ የሃያ ስምንት ሰው መስቀል ቆጥሮ ስንፍና ብሎ ጻፈው፤ ያን ሁሉ ሰው አውቆ ዓባይ ከተተው። ይህ ነው ያንገበገባት።

ምሽጉ ስትደርስ የዛሬዎቹ ተሰልፈዋል። ማንቆርቆሪያውንና ገበቴውን አውጥታ በሩ ላይ ቆመች። አንድ በአንድ እየመጡ ይታጠባሉ፣ ይገባሉ፣ ቃጭሉ ይጮሃል፣ ያማትባሉ፣ «ዓባይ» ይባላሉ፣ በወዲያ በር ይወጣሉ። ለነዚህስ ለምን አልነገረችም? ትሉ ይሆናል። ፈራቻ! ለአንዱ ብትናገር ለሌላው ያወራል፣ ሁለት ሦስት ሰው ተከታትሎ ከፈጠነ እንዳላማው አለላት። አንድ ሰው ቢፈጥን ግን አጋጣሚ ሊባል ይችላል። አንድ ሰው ብቻ ነው የምትችለው፤ ያም ሰው በምድር ላይ ከሁሉ አብልጦ የሚጠላት መሆኑ ነው እንግዲህ። ነጫጭ ጢም ያላቸው አንድ ሽማግሌ ውሃውን ስታፈስላቸው «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አሏት። ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

የባዘዘው ተራ ሲደርስ ፀሐይ ከራስ ላይ ነበረች። ጢሙ አድጓል፣ ከንፈሩ በረሃብ ተሰነጣጥቋል። ሲያያት ወደኋላ ሊል ፈለገ፤ ዘበኛው በሰደፍ ወደፊት ገፋው። እጁን ዘረጋ። ስምንት ወር አልታጠብም ያላትን እጅ፣ እነሆ በጣሊያን ትእዛዝ አስታጠበችው። ውሃውን አቅጥና እያፈሰሰች፣ ከንፈሯን ብዙ ሳታንቀሳቅስ ተናገረች።

«ስማኝ፣ ቀና አትበል። ቃጭሉ ሲጮህ ቀድመህ ቁልፏን ተጫን። ከዚያ አማትብ። ከዘገየህ ዓባይ ነው። እግዜር ይችን ታህል አይቀየምም።»

ባዘዘው ሳሙናውን ጣቶቹ መካከል አመላለሰ። የሰማ አይመስልም።

«ውሃሽን አፍስሽ» አለ በመጨረሻ። «አፍሽን ግን ዝጊው።»

የስምንት ወር የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነው። ሥራነሽ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች፣ የስፒርቶ ጨርቋን ይዛ ተከትላው ገባች። እንግዲህ የራሱ ጉዳይ! የምትችለውን አድርጋለች።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የቆርቆሮው ሙቀት፣ የስፒርቶው ሽታ፣ የእንዳላማው ሲጋራ አንድ ላይ ያፍናል። ካፒቴኑ መሣሪያዋን ጠመዘዘ። እንዳላማው ለሁሉ የሚለውን አለ፤ ቃጭሉ ሲጮህ ቁልፏን ተጫን፣ ሌላ ነገር የለም። ባዘዘው ተቀመጠና እርጥብ እጁን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። መሣሪያዋ ዝዝ አለች። ቃጭሉ ጮኸ።

እጁ ቁልፏ ላይ ወደቀ። ቀጭ!

መርፌዋ ከቀይዋ መስመር በታች፣ በጣም በታች ቆመች። ከዚያ በኋላ፣ ልክ እሷ እንዳለችው፣ ባዘዘው እጁን አንስቶ አማተበ። ሥራነሽ ግድግዳውን ተደገፈች። ሰማኝ! ሰምቶኝ ኖሯል! የስምንት ወር ቂሟ ባንዴ ከላይዋ ሲወርድ ተሰማት፤ እልል ብትል በወደደች። ማደሻው ውስጥ ሆኖ በየቀኑ ስንቅ ስታደርስለት፣ እጁን ዘርግቶ ሲቀበላት ሳይቀር ታያት።

ካፒቴኑ አልጻፈም። ጎንበስ ብሎ መርፌዋን አየ። መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አየ። ከዚያ ባዘዘውን፣ ቀጥሎ በሩን፣ ቀጥሎ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው አንድ በአንድ አየ። በቁጣ አልነበረም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ረጅም ነገር ተናገረ። እንዳላማው ሲጋራውን ረገጠና ወደ አማርኛ መለሰው።

«ካፒቴኑ የሚለው፣ ይህ ሰው መጀመሪያ ተጭኖ ኋላ አማተበ። እስካሁን እንዲህ ያደረገ የለም። እንደገና ይሞከር። አጋጣሚ ከሆነ አይደገምም። ከተደገመ ግን የነገረው ሰው አለ ማለት ነው፤ የነገረውን ደግሞ ከዚህ ክፍል አንፈልገውም ወይ?» የመጨረሻዋን ከራሱ ጨመረባት፣ ሥራነሽን እያየ፤ «ማን ከማን እንደሚዛመድ ለማወቅ አንድ ቀን ይበቃኛል። ቤታቸውንም ጭምር።»

ሥራነሽ በእጇ ያለው ጨርቅ ወደቀባት። ጎንበስ ብላ አነሳችው። ቁልፏን መወልወል ስለነበረባት ወደ ጠረጴዛው ተጠጋችና ወለወለች፤ ጣቶቿ ከባዘዘው ጣቶች አንድ ስንዝር አይርቁም። አላያትም። የሚያየው የራሱን እጅ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ትንፋሹን በረጅሙ ሳበ። እሷም ወደ ጥጓ ተመለሰች። ከአሁን በኋላ ያለው ነገር ከሷ እጅ ወጥቷል። ይህ ሰው ቢፈልግ የሚጠላትን ሴት ዛሬ ማስወገድ ይችላል፤ አፉን እንኳ መክፈት አያስፈልገውም፣ ፈጠን ብሎ አንድ ጊዜ መጫን ነው። ግን ከሷ ጋር እናቱ አሉ፣ ቤቱ አለ፣ «ሞቷል» የተባለው ወንድሙ አለ።

መሣሪያዋ ዝዝ አለች። ቃጭሉ ጮኸ።

ባዘዘው እጁን አነሳ። ግንባሩን ነካ። «በስመ አብ» አለ፣ ጮክ ብሎ። ወደ ደረቱ አወረደው። «ወወልድ።» ወደ ግራ ትከሻው፣ ከዚያ ወደ ቀኙ። «ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።» መርፌዋ ቀይዋን መስመር ከዘለለች ቆይታለች፤ እየዞረች ነው። እጁን ወደ ጠረጴዛው መልሶ፣ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ፣ ቁልፏን ቀስ ብሎ ተጫነ። በሁለቱ ቀን ከገባው ሰው ሁሉ የዘገየው እሱ ሆነ።

ካፒቴኑ ፊቱ ፈታ አለ። ሳይንሱ ደህና ነው! የመጀመሪያውን ልክ ሰረዘና ሁለተኛውን ጻፈ።

«ዓባይ» አለ እንዳላማው።

ሥራነሽ ምን ተሰማት? አመሰገነችው? አላመሰገነችውም። ተናደደች። ዕድሜ ልኳን ልትሸከመው የማትችለውን ነገር በአንዲት ማማተብ ጀርባዋ ላይ ጭኖባት ሄደ፤ ያውም ሳያያት። ዘበኛው እየገፋ ሲያወጣው በአጠገቧ ሊያልፍ ሆነ። በሶው ከሸማዋ ሥር አለ፤ እጇን ሰደድ ብታደርግ ይደርሰዋል። ስጪ፣ ስጪ አላት ልቧ። እንዴት ትስጠው? እንዳላማው እያየ ነው። ባዘዘው አንድ እርምጃ ሲቀረው ቆመና እግሯ ሥር እንትፍ አለ።

«የጣሊያን ጠራጊ!»

ዘበኞቹ ሳቁ። እንዳላማውም ሳቀ፤ ከሳቁ ጋር ጥርጣሬው አብሮ ሲወጣ ሥራነሽ በዓይኗ አየችው። ለሷ ብሎ ይሆን የተፋው፣ ወይስ ከልቡ? እሱን ከማርቆስ ታቦት በቀር የሚያውቅ የለም። ምራቁን በጨርቋ ጠረገች፤ መሬቱን ማጽዳት ሥራዋ ነውና።

ወደ ቤት ስትመለስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። እማማ ወለተ ሚካኤል ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ቀና አላሉም።

«አማተበ?»

ሥራነሽ ቆመች። ሁሉም ነገር አፏ ላይ መጣ፤ መጀመሪያ አለማማተቡ፣ ሁለተኛው፣ እንዳላማው፣ ቤቱ። ብትናገር ነገ ጠዋት ጎረቤቷ ትሰማለች። ጎረቤቷ ደግሞ መዋሸት አይሆንላትም።

«አማተበ» አለች።

«በደንብ?»

«በደንብ። ከግንባሩ እስከ ደረቱ፣ ከግራ ትከሻው እስከ ቀኙ። ጮክ ብሎ፣ ሳይቸኩል።»

«እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ የኔ ወንድ!» አሮጊቷ በደስታ ደረታቸውን መቱ። ከዚያ እንዝርቱን እንደያዙ ጠየቁ፤ «ወዴት ወሰዱት?»

«ዓባይ።»

እንዝርቱ ቆመ። ዓይናቸው ሲሞላ በሸማቸው ጫፍ ጫን አድርገው ጠረጉትና እንደገና መፍተል ጀመሩ።

«ይሁን። መስቀሉን ይዞ ሄደ፣ መስቀሉ ይመልሰዋል። አንቺ ግን እፈሪ!» አሉ። «ላንቺ ብሎ ያን እጁን የሚያነሳ መስሎሽ ነበር?»

«አልመሰለኝም፣ እማማ።»

ሥራነሽ ስልቻውን ከመቀነቷ ፈታች። ቋጠሮው እስከ አሁን አልተከፈተም። በሶውን በጣባ በጥብጣ አቀረበችና ውሃ ይዛ ቆመች። አሮጊቷ እንዝርታቸውን አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ዘረጉላት፤ እሷም አስታጠበቻቸው።